ከዳቦ ቤቱ በላይ ያለው ጠርሙስ

በሱቁ ውስጥ እውነተኛ ስሙን የሚጠራ ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ባለሱቋም፣ ዕቃ አውራጆቹም፣ ደንበኞቹም «ይቆይ» ነው የሚሉት። ስሙን ያወጣለት የገዛ አፉ ነው። አንድ ሰው ጠርሙስ አንስቶ «ይሄስ ለመጠጣት ደርሷል?» ብሎ ሲጠይቀው ጠርሙሱን ተቀብሎ ወደ ብርሃን ያዘነብለዋል፤ አንገቱን በአውራ ጣቱ ዳበስ ያደርገዋል፤ ከዚያ የተኛ ሕፃን እንዳይነቃበት እንደሚሳቀቅ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይቆይ» ይላል። ባለሱቋ አንዳንዴ ሲመራት «አንተ ሰውዬ፣ እኔ የከፈትኩት እኮ ሱቅ ነው እንጂ የሕፃናት ማቆያ አይደለም!» ትለዋለች። እሱ ግን ፈገግ ብሎ ጠርሙሱን እንደ ታቀፈ ወደ ታች ይወርዳል።

ሱቁ የሚሸጠው ከአውሮፓ የሚመጣ፣ ዕድሜ የጠገበ ወይን ጠጅ ነው። ላይኛው ክፍል መስታወትና መብራት፣ ታችኛው ምድር ቤት ደግሞ ድንጋይና ጨለማ ነው። ይቆይ የምድር ቤቱ ሰው ነው። የሚመጣውን ወይን ይቀምሳል፣ ይመርጣል፣ ለመጠጣት የደረሰውን ወደ ላይ ያወጣል፣ ያልደረሰውን በጎኑ አስተኝቶ ይጠብቃል። በጎኑ የሚያስተኛው የጠርሙሱን አፍ የሚዘጋው ቡሽ ከወይኑ ጋር እንዳይለያይ ነው። ቡሽ ከደረቀ ይኮማተራል፤ ከተኮማተረ አየር ያስገባል፤ አየር ከገባ ደግሞ ያ ሁሉ ዘመን ኮምጣጤ ሆኖ ይቀራል።

ደንበኛ ሲመጣ ሳይጠይቅ የማያልፋቸው ሁለት ነገሮች አሉ። ያን ቀን ጠዋት የመጣውንም የጥርስ ሐኪም እንደ ልማዱ ጠየቀው።

«ጋሼ፣ ቤት ሠርቼ ጨረስኩ» አለ ሐኪሙ እጁን እያፋተገ። «አሁን የቀረኝ ወይን ብቻ ነው። ምርጥ ምርጡን አውጣልኝ።»

«የሚጠጣ ነው የሚተኛ?»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«የሚጠጣው አንተን ይጠብቅሃል። የሚተኛውን አንተ ትጠብቀዋለህ።»

«እኔ እንኳን ወይን፣ ሚስቴ እስክትለብስ መጠበቅ አልችል!»

ባለሱቋ ከወዲያ ሳቀች። ይቆይ አልሳቀም።

«የት ነው የምታስቀምጠው?»

«ሳሎን ነዋ! ከቴሌቪዥኑ ጎን መብራት ያለው መደርደሪያ አሠርቻለሁ። እንግዳ ሲመጣ እንዲያየው።»

ይቆይ የሐኪሙን እጅ በቀስታ ከፍቶ ከመደርደሪያው አንስቶ የያዘውን ከፈረንሳይ የመጣ የቦርዶ ጠርሙስ ወሰደና ወደ ቦታው መለሰው። ያ ወይን ገና ወጣት ነው፤ ጨለማና ብርድ የሚፈልግ፣ ነካ ነካ ሲያደርጉት የሚከፋው ነው። መብራት ካለው መደርደሪያ ላይ ቢውል በጥቂት በጋ ሳይበስል ያረጃል። በምትኩ ከስፔን የመጣ፣ እዚያው በሠሪው ጓዳ ውስጥ አርጅቶ የወጣ ሪዮሃ አመጣለት።

«ይሄን ይዘህ ሂድ። ዘንድሮ ጠጣው። ሳሎንህን ግን ለሰው ተወው። ለወይን ከደረጃው ስር ያለችውን ጨለማ ጥግ አዘጋጅተህ ተመለስ፤ ያኔ የሚተኛውን እንመርጣለን።»

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ ጥርስ ስነቅል እንኳ ሰውን እንዲህ አልመረምርም» ብሎ ሐኪሙ ሪዮሃውን ይዞ ሄደ።

ይቆይ ወደ ታች ወረደ። ምሳውን የሚበላው እዚያው ነው፤ በመደርደሪያዎቹ መካከል ካለች አንዲት በርጩማ ላይ። ብቻውን ሲሆን ሐሳቡ ሩቅ ይሄዳል። እዚያ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ዓመት ምን ዓይነት ዓመት እንደነበረ ያስባል፤ ዝናቡ ዘግይቶ ይሆናል፣ የወይኑን ዘለላ የቆረጠችውን ሴት ቢላው ጣቷን ቆርጧት ይሆናል፣ ምናልባት ያን ቀን ከሰው ተጣልታ ይሆናል። አይቷቸው ለማያውቃቸው ሰዎች ያዝናል፤ ይናፍቃቸዋል። ከመደርደሪያዎቹ መጨረሻ፣ ከድንጋዩ ግድግዳ ስር፣ የሱቁ ያልሆነ አንድ ጠርሙስ ተኝቷል። ባለሱቋ ፈቅዳለት የራሱን ነው ያስተኛው።

የራሱን ማለት የግማሹን ነው። ታላቅ እህቱ ልብስ ሰፊ ናት። እሱ ሱቁ የተቀጠረ ሰሞን፣ እሷም የመጀመሪያዋን የስፌት መኪና የገዛች ሰሞን፣ ሁለቱ ተዋጥተው አንድ ሣጥን ባሮሎ ገዙ። ባሮሎ ከሰሜን ጣሊያን ኮረብቶች የሚመጣ ቀይ ወይን ነው። በልጅነቱ ምላስ የሚያስር፣ ድድ የሚያኮማትር፣ ቁጡ ነገር ነው። ለታገሠው ግን ዕድሜው ሲገፋ የደረቀ ጽጌረዳና የሬንጅ ሽታ ያወጣል። ሣጥኑን እኩል ተካፈሉ። የእሷ ድርሻ አብራት በምትኖረው በእናታቸው ቤት፣ ከወለሉ በታች ባለው ቀዝቃዛ ምድር ቤት ተኛ፤ የእሱ እዚህ። ሕጋቸው አንድ ነበር፤ ማንም ብቻውን አይከፍትም። ሲገናኙ አንድ ከሷ፣ አንድ ከሱ ይከፈታል፤ ጎን ለጎን ይቀዳል፤ የማን ጓዳ የተሻለ እንደጠበቀ ይታያል።

መጀመሪያ መጀመሪያ እየቸኮሉ ከፈቱት። እህቱ አፏን አጣምማ «ይሄ ወይን ነው የጫማ ቆዳ?» ትል ነበር፤ እናታቸው ሳታስፈቅድ ስኳር ትጨምርበት ነበር። ሁለት ጠርሙስ ብቻ ሲቀር ግን ይቆይ እጁን አነሣ። እነዚህን ሳይደርሱ አንነካቸውም አለ። እናታቸው ከሞተች በኋላ እህቱ በየጊዜው ትደውልለት ነበር።

«ደረሰ?»

«ይቆይ፣ እትዬ።»

«እሺ ይቆይ» ትልና ትንሽ ትስቃለች፤ ትንሽ ታወራለች። እያደር መደወሉ እየራቀ ሄደ። አንድ ቀን ደውላ፣ «ይቆይ ልትለኝ ነው አይደል?» አለችው። «አዎ» አላት። «በል ደህና ሁን» ብላ ዘጋች። ከዚያ ወዲህ አልደወለችም። እሱም እደውላለሁ እያለ ሥራ ይይዘዋል።

ምሳውን ሳይጨርስ ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ጮኸ። እህቱ ነበረች።

«እንዴት ነህ ወንድምዬ?»

«አለሁ። ምነው፣ ደህና ነሽ?»

«እኔስ ደህና ነኝ። ያ ጠርሙስህ ግን አለቀሰ።»

«ምን ሆነ?»

«አለቀሰ ነው የምልህ። በአንገቱ ሾልኮ ወጥቶ ልብስ አበላሸብኝ። የሰው ልብስ እኮ ነው! ሙሽራዋ ማታ ልትወስደው ትመጣለች።»

ይቆይ ከበርጩማው ተነሣ። ወይን ቡሹን ገፍቶ የሚወጣው ሲሞቀው ነው።

«የት ነው ያስቀመጥሽው?»

«ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከጨርቆቹ ጋር። በጎኑ ነው ያስተኛሁት፣ አንተ እንዳልከው።»

«ለምን ከምድር ቤት አወጣሽው?»

«የቱ ምድር ቤት?»

«የእማዬ ነዋ።»

ስልኩ ውስጥ የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ።

«የእማዬ ቤት እኮ ፈረሰ» አለች ቀስ ብላ። «ይሄው አራት ዓመት ሊሆነው ነው። ያለሁት ከዳቦ ቤት በላይ ነው። ግድግዳዬ ከምድጃው እኩል ነው የሚግለው፤ በክረምት እንኳ ብርድ ልብስ አልለብስም።»

«አልነገርሽኝም።»

«ልነግርህ ደውዬ ነበር። አንተ ስለ ወይኑ ስታወራ ረሳሁት መሰለኝ።»

ይቆይ የድንጋዩን ግድግዳ ተደገፈ። ጠዋት አንድ የማያውቀውን የጥርስ ሐኪም የት እንደሚያስቀምጥ ጠይቋል። ትናንትናም ከዚያ በፊትም ያልጠየቀው ሰው የለም። እህቱን ግን በደወለች ቁጥር በሐሳቡ እናታቸው ቤት ወስዶ፣ ከቀዝቃዛው ወለል በላይ አስቀምጦ፣ «ይቆይ» ሲላት ኖሯል። የሱን ጠርሙስ እየዳበሰ ለሷ ጠርሙስ ፈርዷል።

«ዛሬ እመጣለሁ» አለ።

«ዛሬ?»

«አሁን። ጠርሙሱን ቀጥ አድርገሽ አቁሚውና እንዳትነካኪው። የኔንም ይዤ እመጣለሁ። ዛሬ እንከፍተዋለን።»

«ጉድ ነው» አለች። ቤቷን በምልክት ነገረችው።

ጠርሙሱን በሹራቡ ጠቅልሎ ሲወጣ ባለሱቋ አየችው። «ያ የማይነካው ነው? ምነው፣ አሞሃል?»

«ደርሷል።»

«አንተ ‹ደርሷል› ማለት ትችላለህ እንዴ!» አለችና ፊቱን ስታይ ቀልዷን ተወች። «ሂድ፣ ሂድ። ቁልፉን እኔ እይዛለሁ።»

አውቶቡስ አልተሳፈረም። ያረጀ ወይን ከታቹ አተላ አለው፤ ከተናወጠ ይደፈርሳል። በወጉ ቢሆን ከአንድ ቀን በፊት ቆሞ ማደር ነበረበት፤ አሁን ግን የማደሪያ ጊዜ የለም። በእግሩ ሄደ። ጠርሙሱን እንደ አራስ ልጅ በክንዱ ታቅፎ፣ ከሰው ጋር እንዳይጋጭ የግንቡን ጥግ ይዞ። መንገድ ዳር ካልሲ የምትሸጥ ሴት አየችውና «ጋሼ፣ ስንት ወር ሆነው?» አለችው። ጓደኞቿ ሳቁ። እሱም ሊስቅ ፈልጎ ነበር፤ ግን ረጅም ጊዜ ከሰው ጋር ስላልሳቀ ፊቱ ቶሎ አልታዘዘለትም። በመንገዱ ሁሉ ለእህቱ የሚነግራትን ነገር በልቡ ሲያሰናዳ ሄደ። ሲደርስ ብዙ ነገር ነበረው።

ዳቦ ቤቱን ያገኘው በሽታው ነው። በሩ ላይ እስከ ቅንድቡ ድረስ ዱቄት የነካው ጋጋሪ ቆሞ ላቡን ይጠርጋል።

«ማንን ፈልገህ ነው?»

«ልብስ ሰፊዋን። እህቴ ናት።»

«ወንድም አላት እንዴ?» አለ ጋጋሪው፤ ለክፋት አልነበረም፣ ገርሞት ነው። ከዚያ አንገቱን ወደ ደረጃው መለስ አድርጎ ጮኸ፤ «እትዬ! ወንድምሽ ነኝ የሚል ሰው መጥቷል!»

ይቆይ «እትዬ» የሚለው ቃል የሱ ብቻ ይመስለው ነበር።

ደረጃው ጠባብ ነው። ሲወጣ መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈ፤ በምድር ቤቱ ሁሌ እንደሚያደርገው። ግድግዳው እንደ ሰው ገላ ይሞቃል።

እህቱ በሩ ላይ ጠበቀችው። ፀጉሯ ሙሉ በሙሉ ነጥቷል። መነጽር በክር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ መነጽር ማድረግ መጀመሯን አያውቅም ነበር። ተሳሳሙ። «ከሳህ» አለችው። ክፍሏ አንድ ናት፤ አልጋ፣ የስፌት መኪና፣ ቁም ሣጥን፣ በመስኮቱ በኩል ደግሞ ክሬም ቀለም ያለው የሙሽራ ልብስ የለበሰ፣ የሰው ቁመት ያለው የልብስ ሰፊ አሻንጉሊት። ከልብሱ ታች በኩል ያለውን የቆሸሸ ጨርቅ ቆርጣ አውጥታ በአዲስ እየቀየረችው ነበር። ጠርሙሱ ጠረጴዛው ላይ ብቻውን ቆሟል፤ አንገቱ ተጣብቋል።

«ብርጭቆ?» አላት። ያ ሁሉ ጥንቃቄ አድርጎ ብርጭቆ ረስቶ ነው የመጣው።

«የሻይ አለ።»

የሷን አስቀደመ። ገና የቡሽ መንቀያውን ሲያዞር ቡሹ ተፈረካከሰ። ግማሹን በጥንቃቄ አወጣ፤ ግማሹ ተበትኖ ቀረ። ሲቀዳው ቀለሙ ያደረ ሻይ መሰለ። አሸተተው። ለብዙ ጊዜ ተዘግቶ የቆየ ቤት ሽታ ነበር፤ ጫፉ ላይ ኮምጣጤ አለው። ምላሱ ላይ ያዘው፤ ምንም አልመለሰለትም። እህቱ ወይኑን ሳይሆን ፊቱን ነበር የምታየው።

«ንገረኝ።»

ሊዋሻት ፈለገ። ስለ ወይን ዋሽቶ አያውቅም፤ አሁን ግን ቢችል ይዋሽ ነበር።

«ሞቷል፣ እትዬ።»

«መቼ?»

ጥያቄው ገረመው። የቀረውን ቡሽ አገላብጦ አየ፤ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አዘነበለው።

«ሙቀቱ ቶሎ ነው ያደረሰው። ከሞተ ሦስት ዓመት ገደማ ሳይሆነው አይቀርም... ከመሞቱ በፊት ግን ደርሶ ነበር። ያኔ ከፍተነው ቢሆን ግሩም ነበር።»

«ያኔ ደውዬልህ ነበር» አለች እህቱ።

አልተቆጣችም። ብርጭቆውን ተቀብላው ሄዳ መታጠቢያው ውስጥ ደፋችው። ውሃውን ከፍታ ለቀቀችበት፤ ዘጋችው። «በል ያንተን ክፈት» አለች ጀርባዋን እንደሰጠችው።

የሱ ቡሽ ሳይሰበር፣ ረጅምና ሙሉ ሆኖ ወጣ። ገና ሲቀዳው ሽታው ክፍሉን ሞላው፤ የደረቀ ጽጌረዳ፣ ዝናብ የመታው አፈር፣ ከሩቅ ደግሞ ሬንጅ። ይቆይ ቀመሰው። በዕድሜው አፉ የገባ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ዓይኑ ውሃ አቀረረ። እህቱም ጎንጨት አለች፤ ትንሽ ቆየች፤ ደገመች።

«ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው።»

«ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ነው።» ብርጭቆውን አየችው። «ያንተ ምንም አልሆነም አይደል? ምንም ነገር አልነካውም።»

«ምንም» አለ ይቆይ።

በመንገድ ላይ ያሰናዳው ነገር ሁሉ ከየት እንደሚጀመር ጠፋበት። ድሮ ያማት ስለነበረው ጉልበቷ ጠየቃት፤ «ያው ነው» አለችው። ስለ ሥራ ጠየቃት፤ «ስፌት አያልቅም» አለችው። እሷም ስለ ትዳር መጠየቁ አሳፍሯት ስለ ባለሱቋ ደህንነት ጠየቀችው። ከዚያ መነጽሯን አደረገች።

«ጆሮዬ ያንተ ነው፤ እጄ ግን ሥራ አለበት። ሙሽራዋ ልትመጣብኝ ነው» ብላ ወደ መኪናዋ ዞረች።

መኪናው መንተክተክ ጀመረ። ይቆይ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የራሱን ዓመታት በልቡ ፈተሸ። የሚነገር ነገር ፈለገ፤ የሚያገኘው ጠርሙስ ብቻ ሆነበት። በመጨረሻ ድምፁን ከመኪናው በላይ ከፍ አድርጎ የጠዋቱን የጥርስ ሐኪም አወራላት። ሚስቴን እንኳ መጠበቅ አልችልም ያለውን፣ ጥርስ ስነቅል እንዲህ አልመረምርም ያለውን። እህቱ መኪናዋን አቁማ ሳቀች፤ ጥርሷ ሁሉ እስኪታይ፤ የድሮ ሳቋን። «አንተስ ምን አልከው?» አለች። ምንም አላለውም ነበር። የሚለው ነገር ፈጥሮ ነገራት፤ ደግማ ሳቀች።

በዚህ መሀል ከታች ወለሉ በመጥረጊያ እንጨት ተንኳኳ። «ዳቦ ወጣ ማለቱ ነው» አለች። ጋጋሪው ሁለት ትኩስ ዳቦ በጨርቅ ይዞ መጣ፤ ሳይጋበዝም ተቀመጠ። እህቱ ከባሮሎው በሻይ ብርጭቆ ሞልታ ሰጠችው። ይቆይ ሊከለክለው እጁን ሊዘረጋ ምንም አልቀረውም። ጋጋሪው ግን አንዴ አንጋጦ ጨለጠው።

«ኧረ ይሄ ነገር ይጎመዝዛል! እትዬ፣ ስኳር የለሽም?»

«እማዬን መሰልከኝ!» አለች እህቱ፤ ተያይዘው ሳቁ። ጋጋሪው እናታቸውን አያውቅም፤ ስለ እናታቸው ግን ብዙ ሰምቶ ኖሮ ሳቁ ገብቶታል። ስለ አንዲት ደንበኛ፣ ስለ ተሰበረ መስኮት፣ ይቆይ ስለማያውቃቸው ሰዎች አወሩ። ይቆይ ብርጭቆውን አሸተተ። ያረጀ ወይን አየር ካገኘ ብዙ አይቆይም። ጽጌረዳው መራቅ ጀምሯል። የቀረውን ሳይቸኩል ጠጣው።

ሲነሣ ገና አልመሸም፤ ብርሃኑ ግን ከመስኮቱ ወጥቷል። እህቱ አንዱን ዳቦ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችውና ደረጃው ራስ ድረስ ሸኘችው።

«ሌላ ጊዜ ስትመጣ ባዶ እጅህን ና» አለችው።

«መቼ ልምጣ?»

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? ደረጃው እንደሆነ እዚሁ ነው።»

ሙሽራዋ ከእናቷ ጋር እየወጣች ነበር። ደረጃው ለሁለት ሰው አይበቃምና ይቆይ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አሳለፋቸው። ከላይ የእህቱ ድምፅ «ግቡ፣ ግቡ፣ አልቋል!» ሲል ሰማ፤ በሩም ተዘጋ።

መንገዱ ከሥራ በሚመለስ ሰው ተሞልቷል። ሁሉም ወደየቤቱ ይቸኩላል። በይቆይ አፍ ውስጥ ባሮሎው አሁንም አለ፤ ትልቅ ወይን ከተዋጠ በኋላም ምላስ ላይ ይቆያል። እንዲህ ያለ ወይን የቀመሰ ቀን ጣዕሙ በራሱ ጊዜ እስኪሄድ ድረስ ይቆይ እህል አይቀምስም፤ እራት ሳይበላ ያደረባቸው ቀኖች አሉ። ይሄኛው ደግሞ የመጨረሻው ነው። ሌላ ጠርሙስ የለም፤ ከዚህ በኋላ በአፉ አይገባም።

ዳቦው በብብቱ ስር ሹራቡን አልፎ ያሞቀዋል። አንድ ተዘግቶ ያለ ሱቅ በር ላይ ቆመ። ወረቀቱን ገለጠ፤ ዳቦውን ቆረሰ፤ እንፋሎቱ ፊቱን መታው። አንዴ ጎረሰ፤ ጽጌረዳው ሄደ። ደገመ፤ ሬንጁም ሄደ። ቆሞ፣ የሚያልፈውን ሰው እያየ፣ ዳቦውን እስከ መጨረሻው በላ።